ክረምት ሲገባ ይምጡ

መካኒኬ ዘይትን የሚያውቀው በጣቱ ነው። አውራ ጣቱንና አመልካች ጣቱን ነክሮ፣ አሸት አሸት አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ያላቅቃቸዋል። ዘይቱ በሁለቱ መሀል ክር ሠርቶ ከተሳበ «ይሄ ዘይት ነው» ይላል። ክሩ ቶሎ ከተበጠሰ ፊቱን ያጠቁራል። ባለፈው ግንቦት ይዤለት የሄድኩት ዘይት ጭራሽ ክር አልሠራም። እንደ ሻይ ኮለል ብሎ በመዳፉ ወረደና የቱታውን እጅጌ አራሰው።

«ጋሼ፣ ይሄ የምን ዘይት ነው?»

«የሞተር ነዋ!»

«የምን ሞተር? የስፌት?»

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። መኪና ሥር ተጋድመው የሚሠሩት ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ፤ ፊታቸው ባይታየኝም እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

የያዝኩት ጋሎን ላይ «5 ደብሊው 30» ተብሎ ተጽፏል። በጋራዥ ቋንቋ አምስት ሠላሳ ነው። ጋራዡ ግን ከአምስት ሠላሳ ጋር የሰላምታ ትውውቅ እንኳ የለውም። እዚያ ግቢ ውስጥ ዘይት ማለት ሃያ ሃምሳ ነው። ለላዳም ሃያ ሃምሳ፣ ለሚኒባስም ሃያ ሃምሳ፣ ትናንት ከጉምሩክ ለወጣችም ሃያ ሃምሳ።

ይህን ጣጣ ያመጣብኝ አንድ መጽሐፍ ነው። መኪናዬ ጃፓን ተሠርታ፣ ዱባይ ላይ መሪዋን ከቀኝ ወደ ግራ አዙረውላት የመጣች ቪትዝ ናት። መመሪያ መጽሐፏ አብሯት መጥቷል፤ ከዳር እስከ ዳር ጃፓንኛ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ለሊብሬው ፍራሽ ሆኖ ኖረ። አንድ እሁድ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ የማደርገው ሳጣ አውጥቼ ገለጥኩት። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ፣ የዘይት ጠብታ ከተሳለበት ገጽ ላይ፣ የማነበው አንድ ነገር አገኘሁ፦ 5 ደብሊው 30። ስድስት ዓመት ሙሉ ሃያ ሃምሳ ሳጠጣት ኖሬያለሁ። ለጨቅላ ልጅ ክትፎ ሳጎርስ የኖርኩ ያህል ተሰማኝ።

እርግጥ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ ቀጭን ነገር ክብር የለውም። ደመወዝ ሲበዛ ወፍራም ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያገኘነውን ሰው «ወፈር ብለሃል፣ ተስማምቶሃል» እንለዋለን፤ ከቀጠነ የምንጠይቀው ምን እንዳመመው ነው። ሽሮው ከቀጠነ እንግዳው ተንቋል፤ ወተቱ ከቀጠነ ሻጯ ውሃ ጨምራበታለች። ቀጭን ሆኖ የሚከበር ነገር ቢኖር ቀጭን ትእዛዝ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው ፊት ሁለት ጋሎን ብትደረድሩለት የቱን እንደሚያነሳ መገመት አይከብድም። የሚገርመው ደግሞ ቀጭኑ መወደዱ ነው። ባለመደብሩ ዋጋውን ሲነግረኝ ከአፌ ያመለጠኝ ቃል «ቀጥኖም?» የሚል ነበር።

ቢሆንም ገዛሁት። ያስገዛኝ ቤንዚን ነው። ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ቤንዚን የቤታችን ዋና ወሬ ሆኗል። ድሮ ማደያው ላይ እጅ በእጅ ከፍዬ፣ መልሴን ተቀብዬ፣ መንገዱ ማዶ ስደርስ ረስቼው ነበር። አሁን ክፍያው በስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ አይረሳም። እያንዳንዷ ቅጂ ከነቀኗና ከነሰዓቷ ተመዝግባ ትቀመጣለች። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ እነዚያን መልእክቶች ወደ ኋላ እየሄድኩ ማንበብ ጀመርኩ። ባለቤቴ ለሦስት ቀን በጎሪጥ ስታየኝ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ስልኩን ነጠቀችኝና አነበበች። ያገኘችው የነዳጅ ደረሰኝ ነው። ባትናደድም አዘነችልኝ፤ እሱ ይብሳል።

ታንከሩን ጢም አድርጌ ሞላሁ፣ የኪሎ ሜትሩን ቆጣሪ ዜሮ አደረግሁ፣ ነድቼ እንደገና ሞላሁ። ደጋግሜ ሳካፍለው ቪትዟ በአንድ ሊትር 11.4 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ጋሎኑን ይዤ ጋራዥ የሄድኩት ይህን ቁጥር በኪሴ ጽፌ ይዤ ነው።

ሳቁ ሲበርድ ማስረዳት ጀመርኩ። «ይሄ ደብሊው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ሰው ክብደት ይመስለዋል፤ አይደለም። በእንግሊዝኛ የክረምት ማለት ነው።»

«የክረምት?»

«አዎ፣ የክረምት።»

መካኒኬ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። የግንቦት ፀሐይ ቆርቆሮውን ታንጫጫዋለች። ጋሎኑን ክዳኑን አጥብቆ መለሰልኝ።

«ታዲያ ምን አስቸኮለዎት? ክረምት ሲገባ ይምጡ።»

መልስ አልነበረኝም። አሮጌውን ዘይት በሃያ ሃምሳ ለወጠልኝና የተረፈውን ግማሽ ሊትር ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ አስቀመጠልኝ። ወደ ቤት ስመለስ ሁለቱም ጋሎኖች ከኋላ ጎን ለጎን ተጭነው ነበር።

ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ሰውዬው በግማሽ ትክክል ነው። የእነሱ ክረምት ሌላ፣ የእኛ ክረምት ሌላ። 5 ደብሊው የሚባለው ዘይት የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ብርድ ነው፤ ሞተሩ ለመነሳት ሲዞር እንዳይጋግርበት። 20 ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ15 ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጓሮ ያለው የባልዲ ውሃ በኅዳር ንጋት በስሱ የረጋ እንደሆነ ለሳምንት የሚወራ ታሪክ ነው። ስለዚህ በፊተኛው ቁጥር ብንጨቃጨቅ ከመካኒኬ ጋር የምንጨቃጨቀው ስለ በረዶ ነው።

ነዳጁን የሚነካው በይበልጥ የኋለኛው ቁጥር ነው። እሱ የሚለካው ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። እንደ መነሻ፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ውፍረቱ 1 ነው እንበል። የ30 ዘይት በዚያ ሙቀት ከ9.3 እስከ 12.5 ይደርሳል፤ የ50ው ከ16.3 እስከ 21.9። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ሽሮ አማስሎ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ያለ አስተማሪ ይገባዋል። ሽሮው ቀጠን ሲል ማማሰያው በሁለት ጣት ይዞራል። ሲጋግር ክንድ ይጠይቃል፣ ድስቱም አብሮ መዞር ይፈልጋል። ሞተር ውስጥም ኮሎው ብሮንዚኒው ላይ፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ በደቂቃ ሺህ ጊዜ እያማሰለ ነው፤ ፓምፑም ያንኑ ዘይት እየገፋ ሽቅብ ይልካል። የማማሰያው ጉልበት ከየት ይመጣል? ከቤንዚኑ። ከሚቃጠለው ነዳጅ ጉልበት ሲሶው እንኳ ጎማው ጋ በቅጡ አይደርስም። አብዛኛው በጭስና በራዲያተር ሙቀት ሆኖ ይሄዳል፤ ከተረፈው ላይ ደግሞ ዘይቱ ድርሻውን ያነሳል።

ጠዋት ጠዋት ነገሩ ይብሳል። ከቤቴ እስከ ቢሮዬ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው (ሰፈሩን ሳይሆን ርቀቱን ማለቴ ነው)። በ10 ዲግሪ ብርድ የተነሳ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ገና ማር ነው። የውሃው ሙቀት መለኪያ መርፌ መሀል ላይ ስትደርስ ሞተሩ የሞቀ ይመስለናል፤ ዘይቱ ግን ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። በደንብ ሲሞቅ እኔ ደርሼ መኪና ማቆሚያ እየፈለግሁ ነኝ። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ወፍራም ዘይት ያን ያህል አይጎዳውም፤ እንደ እኔ ከተማ ውስጥ ቁርጥራጭ መንገድ የሚነዳው ነው ማር ሲያማስል የሚውለው።

አሁን ይህን ሁሉ አንብቦ መካኒኬን መናቅ የሚፈልግ ካለ ቶሎ አይፍረድ። ሰውዬው ጥበቡን የተማረው በደከሙ ሞተሮች ነው። ፋሻው ያለቀ፣ ብሮንዚኒው የላላ ላዳ ውስጥ ቀጭን ዘይት ብትጨምርበት ሽቅብ ሾልኮ ይቃጠልና በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የዘይት መብራቱም ዳሽቦርዱ ላይ ዓይኑን ያፈጣል። ለእንደዚያ ያለ ሞተር ወፍራም ዘይት ለሽማግሌ እንደ ምርኩዝ ነው። ቮልስማ ጭራሽ ፊልትሮ እንኳ አልነበራትም፤ ወንፊት ነበራት፣ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይቷን በዚያ እያጠለለች ስንት ዓመት ቆመች። በዚህ ዓለም ያደገ መካኒክ ቀጭን ዘይት ሲያይ የሚታየው ተሰብሮ የሚጎተት መኪና ነው።

ማቅጠንም ወሰን አለው። ሪቻርድ ሽትሪቤክ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ያሳየው ይህንኑ ነው። ዘይቱ እየቀጠነ ሲሄድ ፍትጊያው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይመጣል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ብረቱን ከብረት የሚለየው ስስ ሽፋን ይበጠስና ፍትጊያው ሽቅብ ይወነጨፋል። መኪና ሠሪዎች ከዚያ ገደል አፋፍ ስንት እርምጃ ላይ መቆም እንዳለባቸው ሲለኩ ነው የሚኖሩት። ጃፓኖች አሁን 0 ደብሊው 8 ድረስ ወርደዋል። ይህን ለመካኒኬ በስልክ ስነግረው ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። «እሱማ ጠበል ነው» አለኝ በመጨረሻ።

የእሱ እምነት ሌላ ነው። «ዘይቱን የሚያቀጥኑት ሞተሩ ቶሎ ሞቶ ሌላ እንድንገዛቸው ነው» ይላል። ግማሹን አልቀበልም፤ ከጀርባው ተንኮል አለ የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ አላጣጥለውም፤ ተንኮሉ የመንግሥት ነው እንጂ የነጋዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ዓረቦች ነዳጅ ሲከለክሉ አሜሪካ ደነገጠች። ከሁለት ዓመት በኋላ መኪና ሠሪዎች የሚሸጡት መኪና ሁሉ በአማካይ በአንድ ጋሎን ይህን ያህል ማይል ይሂድ የሚል ሕግ አወጣች። ከዚያ ወዲህ ሠሪዎቹ ጠብታ ለጠብታ ሲፋለሙ ኖሩ፤ ዘይት ማቅጠን ደግሞ ብረት ከመቀየር ይረክሳል።

ይህን ሰፈር ቡና ጠጡ ላይ ሳወራ፣ በድሮ ጊዜ ሰይቼንቶ ታክሲ ይነዱ የነበሩ ጎረቤታችን አንገታቸውን አቀኑ። «ያኔ እኮ እኛም ደንግጠናል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያው የነዳጅ ድንጋጤ አዲስ አበባ ደርሶ የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨምር፣ በየካቲት 1966 ታክሲ ነጂዎቹ ሥራ አቆሙ። ከመምህሩና ከወታደሩ ብሶት ጋር ተደማምሮ ዓመቱ ሳይሞላ ዘውድ ወረደ። አሜሪካኖቹ ዘይት አቀጠኑ፣ እኛ ንጉሥ አወረድን። «እርስዎ ታዲያ ያኔ ምን ዘይት ነበር የሚጠቀሙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የተገኘውን» አሉኝ።

እዚያው ቡና ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ጎረቤት አለን። ስለ ዘይት ስናወራ ከድንጋይ ዘመን እንደመጡ ዘመዶች ያየናል። ዘይት መለወጥ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ የሚባል ነገር ረስቻለሁ ይላል። እኔም ከ2016 ወዲህ የቤንዚን መኪና ማስገባት በመከልከሉ ቪትዝ ባረጀች ቁጥር ዋጋዋ እየጨመረ መሆኑን እነግረዋለሁ። ተከባብረን እንለያያለን።

ሰኔ ተገባደደ። ዝናቡ ጣለ። ጋሎኔን ይዤ ጋራዡ በር ላይ ቆምኩ።

«ክረምት ገባ» አልኩት።

ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም፤ ተቀበለኝ። ዘይቱን ሲያወርድ ድረስ ቆሜ አየሁ፤ ጥቁሩ ሃያ ሃምሳ እንደ ተልባ እየተሳበ ወረደ። ዝናቡ ሲበረታ ማዶ ያለችው ልጅ ጋ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ሁሉ ነገር አልቋል፣ ኮፈኑ ተዘግቷል። መንገዴ ላይ ጎሚስታው ጋ ጎራ አልኩና ጎማዎቹን አየልኝ። ንፋሳቸው 22 ፒኤስአይ ላይ ወርዷል፤ 32 አደረገልኝ።

ሐምሌንና ነሐሴን በደስታ አሳለፍኩ። ሞተሪኖው ገና ነካ ሲያደርጋት ትነሳለች። ድምጿ ለስለስ ብሏል፤ ወይም የእኔ ጆሮ ለስልሷል። እየሞላሁ፣ እየነዳሁ፣ እያካፈልኩ ያገኘሁት ቁጥር በሊትር 12.6 ሆነ። ከመቶ ከአሥር በላይ! ለቡና ጠጡ ነገርኩ፣ ለቢሮ ነገርኩ፣ ለመካኒኬ ደውዬ ነገርኩ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያገኘሁት የድሮ የክፍል ጓደኛዬ እንኳ ከልጆቹ ደኅንነት በፊት የሰማው ስለ 12.6 ነው።

አሥረኛ ክፍል ያለችው ልጄ ግን ደብተሬን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አባዬ፣ ይሄ 11.4 መቼ የተለካ ነው?»

«ግንቦት።»

«12.6ውስ?»

«ሐምሌና ነሐሴ።»

«ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማለት ነው።»

ዝም አልኩ። ጠዋት ጠዋት እሷንና ወንድሟን ከነቦርሳቸው ጭኜ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሞተር ሳላጠፋ ሃያ ደቂቃ የምቆመው ነገር ትዝ አለኝ። በክረምት ያ ሁሉ የለም፤ መንገዱም የእኔ ነው። እሷ ቀጠለች። ጎማውንም አስሞልተሃል አለችኝ። የአሜሪካ መንግሥት ለነጂዎች የሚሰጠው ምክር እንደሚለው የጎማ ንፋስ በ1 ፒኤስአይ ሲቀንስ መኪናው በሊትር የሚሄደው መንገድ በ0.2 በመቶ ይቀንሳል፤ የእኔ በ10 ወርዶ ነበር። 2 በመቶ ወደ ጎሚስታው ሄደ። ለእሱ የከፈልኩት የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይሞላም።

«ዘይቱስ?» አልኩ፣ ድምፄ ሳይታወቀኝ ቀጥኖ።

ያው ምክር 5 ደብሊው 30 ለሚፈልግ ሞተር 10 ደብሊው 30 መጨመር ከ1 እስከ 2 በመቶ እንደሚያስከስር ይናገራል። ሃያ ሃምሳ ከዚያም ዘለግ ያለ ውፍረት ስለሆነ እኔ ለራሴ አድልቼ 3 በመቶ አልኩት። ልጄ ትከሻዋን ሰብቃ ጻፈችው። በ5,000 ኪሎ ሜትር የማቃጥለው ከ400 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ 3 በመቶው 12 ሊትር ተኩል ገደማ ይመጣል። ከ1,250 ብር በላይ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም። የሁለቱን ጋሎኖች የዋጋ ልዩነት ስታቀናንስበት ግን ብሩ በዓይናችን ፊት ሟሟ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና «ስንት ተረፈን?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም።

እኔ ግን አልተሸነፍኩም። 3 በመቶ 3 በመቶ ነው። ከጎማውም፣ ከትምህርት ቤቱም፣ ከልጆቹ ቦርሳም ተለይቶ፣ ጥርት ብሎ የእኔ የሆነ 3 በመቶ። ሰው በዚህ ዕድሜው የራሱ የሆነ ምን ያህል ነገር አለው?

ጳጉሜን ላይ ለበዓል መኪናዋን ከውስጥም ከውጭም ላጥብ የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ። ሁለቱ ጋሎኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የግንቦቱ ሃያ ሃምሳ፣ ግማሽ ሊትር የቀረው፣ ሳነሳው እንደ ላባ ቀለለኝ። ባዶ ነው። አምስት ሠላሳው ደግሞ ከሚገባው በላይ ከበደኝ። አራት ሊትር ገዛሁ፤ ሞተሯ የሚይዘው ሦስት ሊትር ከምናምን ነው፤ ሊቀር የሚገባው ግማሽ ሊትር ቢሆን ነው። ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት። አንድ ሊትር ገደማ አለ።

ደወልኩ።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ! እንኳን አደረሰዎት!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ያን ዕለት የጨመርክልኝ ዘይት የትኛው ነበር?»

«የእርስዎ ነዋ፣ ቀጭኑ።»

«ብቻውን?»

ከወዲያ በኩል መዶሻ ሲመታ ይሰማል። «ያ ግማሽ ሊትር ሃያ ሃምሳ ሜዳ ላይ ከሚቀር ብዬ ጣል አድርጌበታለሁ። ትንሽ ወፈር እንድትልልዎት። ያንን ውዱን አስተርፌልዎታለሁ እኮ፣ አላዩትም?»

«መቼ?»

«ቡና ሲጠጡ።»

ምን እንደምለው ጠፋኝ። እሱ ግን አልጠፋውም። «ቤንዚን ቀንሳለች ብለው ደውለውልኝ አልነበር?» አለኝ፣ ከልቡ ደስ ብሎት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የተረፈውን ጋሎን ከፈትኩት። አውራ ጣቴንና አመልካች ጣቴን ነከርኩ፣ አሸት አሸት አደረግሁና ቀስ ብዬ አላቀቅኋቸው። ክር አልሠራም።